ለዓመታት የቆመን የ1949–51 ፎርድ ሰዳን ሞተሩን ሳይጎዱ ማስነሳት

አዲስ ባትሪ ያስራሉ፣ ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን ጠብ ያደርጋሉ፣ ሞተሪኖውን ይጫናሉ። ብዙ አሮጌ ፎርዶች የሚበላሹት ቆመው በኖሩባቸው ሃያና ሠላሳ ዓመታት ሳይሆን በዚህች አንድ ደቂቃ ነው። የደረቀ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቦጭቃል፤ ኮፓው (የሞተሩ የዘይት ቋት) ሥር የረጋው ጭቃ ወደ ዘይት ፓምፑ ይሳባል። ለመነሳቱማ ይነሳል። ይህ ሞተር ግትር ስለሆነ ከስምንቱ ሲሊንደሮች አምስቱ ብቻ ቢሠሩም ይንቀሳቀሳል። የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ ስለተነሳ ብቻ ደህና ይመስላል።

ከዚህ በታች ያለው ከ1949 እስከ 1951 ሞዴል ለወጣው፣ በቪ8 ሞተር ለሚሄደው የፎርድ ሰዳን ነው። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ሥራው ለብቻ ለሚሠራ ሰው በትንሹ ሦስትና አራት ቅዳሜ ይፈልጋል፤ ሞተሩ ራሱ የሚነሳው ወደ መጨረሻው ላይ ነው።

መኪናውን ማወቅ

ከጦርነቱ ማግስት ከ1946 እስከ 1948 የተሸጡት ፎርዶች ንድፋቸው ከጦርነቱ በፊት የነበረው ነው፤ ፊትም ኋላም አንድ አንድ ተጋዳሚ ባሌስትራ፣ ወጥ የፊት አክስል፣ በቱቦ ውስጥ የተዘጋ ትራንስሚሲዮን (ከካምቢዮ ወደ ኋላ አክስል የሚሄድ ዘንግ) ነበራቸው። በጁን 1948 በኒውዮርኩ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ለሕዝብ የታየው የ1949 ሞዴል ይህን ሁሉ ጣለው። የፊት ጎማዎቹ በየራሳቸው ክንድና ጥቅል ሞላ ቆሙ፤ ከኋላ ግራና ቀኝ በቁመት የተዘረጉ ሁለት ባሌስትራዎች መጡ፤ ትራንስሚሲዮኑ ከነመስቀሉ ገላጣ ሆነ። ሞተሩ ወደፊት ስለተገፋ የኋላ ወንበሩ ከኋላ አክስሉ አናት ወርዶ ፊቱ መጣ። ጉዞው ከቀድሞዎቹ የለዘበው በዋናነት በዚህ ነው። ፓራፋንጎው ተለይቶ ማበጡ ቀርቶ ከበሩ ጋር አንድ ወጥ ጎን ሆነ። ሻንሲው መሰላል መሰል ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት 114 ኢንች፣ ወደ 2.90 ሜትር ነው።

ሦስቱን ሞዴሎች ከፊታቸው መለየት ይቻላል። የ1949ኙ ኮፈኑ ፊት ላይ የፎርድ ስም በፊደል ተደርድሯል፤ በ1950 በቦታው ጋሻ መሰል ዓርማ ገባ፤ የ1951ዱ ፍርግርግ በመሃሉ ከነበረው አንድ ክብ ጉብታ ይልቅ ሁለት አለው። በመለያ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ 98ቢኤ ካለ የ1949 ቪ8 ነው፤ ቢ0 የ1950፣ ቢ1 የ1951 ነው። የመጀመሪያው ዓመት መኪኖች ተቻኩለው ወደ ገበያ ስለወጡ አቧራ ያስገባሉ፣ ይንኳኳሉም። በ1950 ብዙው ታርሟል። ስለዚህ 1949 ከያዛችሁ በሩ ሲንጫጫ ብልሽት ለማግኘት ብዙ አትድከሙ፤ ትውልዱ ነው።

ቪ8ቱ ግን አዲስ አልነበረም። ፎርድ በ1932 የጀመረው የፍላትሄድ ሞተር ነው፤ ቫልቮቹ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ ሳይሆን ሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ ከሲሊንደሩ ጎን ቆመዋል። ይዘቱ 239 ኪዩቢክ ኢንች (3.9 ሊትር)፣ ጉልበቱ 100 የፈረስ ጉልበት ነው። ለ1949 የተሻሻለው ዓይነት 8ቢኤ ይባላል። ዲስትሪቢዩተሩ ፊት ለፊት በቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የውሃ መውጫው ከቴስታታው መሃል ወደ ፊተኛው ጫፍ ተዛወረ። የቀሩትን ሥራዎች ለመረዳት አንድ ነገር አስቀድሞ መያዝ አለበት፦ የተቃጠለው ጭስ ከቫልቩ ወጥቶ ወደ ውጭ የሚደርሰው ሞኖብሎኩን ሰንጥቆ፣ በውሃው መሃል አልፎ ነው። በየጎኑ ካሉት አራት ሲሊንደሮች የመሃሎቹ ሁለት ደግሞ አንድ መውጫ ይጋራሉ። ስለዚህ ራዲያተሩ የሲሊንደሩን ሙቀት ብቻ ሳይሆን የጭሱንም ያቀዘቅዛል። ንጹሕ ከሆነ ይችለዋል፤ ግማሹ በዝገት ከተደፈነ አይችለውም። «ፍላትሄድ ሲፈጥረው ይግላል» የሚባለው አብዛኛው የቆሻሻ ታሪክ ነው።

ሳይሽከረከር በፊት

ጎማዎቹን ቆልፉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ መኪናውን በአራት ካቫሌቶ ላይ አስቀምጡ። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

የዘይት መለኪያ ብረቱን መዛችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ የነዳጅ ፓምፑ ዲያፍራም ተቀዶ ወደ ኮፓው እያንጠባጠበ ኖሯል ማለት ነው፤ ፓምፑ ሳይታደስ ሞተሩ አይነካም። ዘይቱን ስታፈሱ መጀመሪያ ውሃ ከመጣ ከላይ የገባ የዝናብ ውሃ ወይም የተሰነጠቀ ሞኖብሎክ ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ቴስታታው ሲነሳ ይታወቃል። የዘይት ማጣሪያው የሚያጣራው ከዘይቱ ከፊሉን ብቻ ነው። በዘመኑ የነበረው ዘይትም ጥቀርሻውን ይዞ አይዞርም፣ ታች ያረጋዋል። ስለዚህ ሞተሩ ተከፍቶ የማያውቅ ከሆነ ኮፓው ሥር ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር የረጋ ጥቁር ጭቃ ቢገኝ አያስደንቅም። ኮፓውን አውርዱና በእጅ ጥረጉት፣ የፓምፑን ወንፊትም እጠቡ። ይህ ሳይደረግ ዘመናዊ አጣቢ ዘይት ከተሞላ ጭቃው ይፈታና ወንፊቱን ይደፍነዋል።

ስምንቱንም ካንዴላ ፍቱ፤ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ በቁጥር አስቀምጧቸው። በሹፌሩ ቀኝ በኩል ያሉት ከፊት ወደ ኋላ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ናቸው፤ በግራ ያሉት 5፣ 6፣ 7፣ 8። ዝገት ያለበት ካንዴላ የትኛው ቫልቭ ተከፍቶ እንደቆመና እርጥበቱ በየት እንደገባ ይነግራል። ከዚያ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ደባልቃችሁ በየሲሊንደሩ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ጨምሩ። የካንዴላው ቀዳዳ ወደ ቫልቮቹ ጠጋ ያለ ስለሆነ ቀጥታ ቢፈስ ብዙው ፒስተኑ ጋ አይደርስም፤ ጫፉ በታጠፈ ቀጭን ቱቦ ወደ ሲሊንደሩ አቅጣጫ ይረጭ። ሲሊንደሮቹ ወደ ጎን ስለተጋደሙ ፈሳሹ በታችኛው ግድግዳ ብቻ ይተኛል፤ ሁለት ሦስት ቀን እየደጋገማችሁ ጨምሩ። ድብልቁ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በአካባቢው እሳትም ብልጭታም አይኑር።

ቀጥሎ ክራንክሻፍቱን በእጅ ማዞር ነው። ካምቢዮውን ነፃ አድርጉና የፊተኛውን ፑሌጃ ቡሎን ረዘም ባለ ቁልፍ ወደፊትም ወደኋላም በጥቂቱ ወዝውዙት። አንድ ሰው በእጁ ከሚችለው በላይ ጉልበት አይጨመር። ቁልፉ ላይ የሁለት ሜትር ቧንቧ ሰክቶ መጎተት ፒስተኑን ከማላቀቁ በፊት ሌላ ነገር ይሰብራል። አምስት ዲግሪ ከተንቀሳቀሰ ቀሪው ትዕግሥት ብቻ ነው። በሳምንትም ካልተንቀሳቀሰ ቴስታታዎቹ ይውረዱ።

ቴስታታውን ማውረድ

የፍላትሄድ ትልቁ በጎ ነገር እዚህ ነው፤ ቴስታታው ላይ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ ክዳን ነው። ቡሎኖቹ በየጎኑ 24 ናቸው። ክፋቱ ደግሞ ብዙዎቹ ጫፋቸው ውሃው ውስጥ ስለሚገባ ይዝጋሉ፤ በችኮላ የተፈታ ቡሎን ተበጥሶ ይቀራል። ዝገት አላቃቂ ዘይት አርከፍክፋችሁ አሳድሩ። በማግስቱ የቡሎኑን ጭንቅላት በመዶሻ ቀጥ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ፣ መጀመሪያ በትንሹ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ አዙሩ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። የሚጮህና የሚለመጥ ካለ አቁሙና አሙቁት፤ በእርግጥ ይህ አሴቶኑ በደንብ ተኖ ካለቀ በኋላ ነው።

ቴስታታው ሲነሳ ስንጥቅ ፈልጉ። ይህ ሞኖብሎክ የሚሰነጠቅባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከቫልቩ መቀመጫ ወደ ሲሊንደሩ፣ በሁለቱ ቫልቮች መቀመጫ መሃል፣ ከቡሎን ቀዳዳ ወደ ውሃው ቀዳዳ። የመጨረሻው ትንሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከነስንጥቁ ይሠራል፤ በቡሎኑ ክር ላይ ማሸጊያ መቀባት ይበቃዋል። ወደ ሲሊንደሩ የገባ ስንጥቅ ግን የባለሙያ ጥገና ወይም ሌላ ሞኖብሎክ ይጠይቃል። ቀሪውን ሥራ ከመቀጠላችሁ በፊት እዚህ ላይ ወስኑ።

ክራንክሻፍቱን ቀስ ብላችሁ አዙሩና ቫልቮቹን ተመልከቱ፤ ከፍ ብሎ የማይመለስ ተጣብቋል። ዘንጉ ሥር አላቃቂ ዘይት አድርጉ፣ ካሙ (ቫልቮቹን የሚገፋው ዘንግ) ቦታ በሚለቅበት ጊዜ በእንጨት ቁራጭ አናቱን ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ምቱት፤ ወርዶ በሞላው ሲመለስ ደግሞ ደጋግሙ። ከሥር በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማንሳት መቀመጫውን ይጎዳል። የመቀበያው ማኒፎልድ ከተነሳ ሞላዎቹና ታፔቶቹ ከላይ ይታያሉ፤ እዚያ ሸለቆ ውስጥ የተከማቸውንም ጭቃ ለመጥረግ ምቹ ጊዜ ነው። የጭስ ቫልቮቹ መቀመጫ ጠንካራ ብረት የገባበት ስለሆነ እርሳስ የሌለው ቤንዚን ያቃጥላቸዋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም።

ቴስታታው ሲመለስ አዲስ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞኖብሎኩ መሃል የሚገባው ስስ ንጣፍ)፣ የጸዳ ክር፣ በየቡሎኑ ክር ላይ ማሸጊያ። የማጥበቁ ቅደም ተከተል ከመሃል ወደ ዳር ነው፤ በሦስት ዙር እየጨመራችሁ ለብረት ቴስታታ እስከ 65–70 ፓውንድ ጫማ፣ ወደ 90 ኒውተን ሜትር አድርሱት። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሞቆ ከበረደ በኋላ ይደገማል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከ1949 በፊት የነበሩት ሞተሮች ቴስታታ ውሃውን የሚያወጣው ከመሃል ነው። የቀድሞ ባለቤት ያንን ገጥሞ ጓርኒሲዮኑን የ8ቢኤ ካደረገው ውሃው በሚገባ አይዞርም፤ ሞተሩም ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲግል ይኖራል። ቴስታታና ጓርኒሲዮን የአንድ ወገን ይሁኑ።

ውሃው

ከዚህ ሁሉ ሥራ በጣም ችላ የሚባለው ይህ ነው፣ በጣም የሚከፍለውም ይህ ነው። ሞኖብሎኩ ሲቀለጥ የገባው የቅርጽ አሸዋና ሽቦ ከፋብሪካ ጀምሮ ውስጡ ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ የሰባ ዓመት ዝገት ተጭኗል፤ የሚረጋውም ወደ ኋለኞቹ ሲሊንደሮች ሥር ነው። ራዲያተሩን ብቻ አሳጥቦ መመለስ ምንም አይጠቅምም፤ በሳምንት ውስጥ ሞኖብሎኩ ያንኑ ዝገት ይልክለታል።

የውሃ ፓምፖቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ፤ ሁለቱንም ፍቱ። የሞተሩ የፊት ማረፊያዎች ከእነሱ ጋር ስለተያያዙ አስቀድማችሁ ከኮፓው ሥር ሰፊ እንጨት አድርጉና በክሪክ ደግፉት። በሞኖብሎኩ ግራና ቀኝ ጎን ያሉትን ማፍሰሻዎች ክፈቱ። ምንም ካልወጣ ውሃ የለም ማለት አይደለም፤ ተደፍኗል ማለት ነው። በታጠፈ ጠንካራ ሽቦ በማፍሰሻዎቹ፣ በፓምፑ ቀዳዳዎችና ቴስታታው ከወረደ ከላይ ባሉት የውሃ ቀዳዳዎች በኩል ፈልፍሉ፤ ከዚያ በውሃ ቱቦ ከላይ ወደ ታች እጠቡ። የሚወጣው ውሃ ሳይሆን ጠጠርና ቅርፊት ነው የሚታየው። ንጹሕ ውሃ እስኪመጣ ቀጥሉ፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ሞተሩ ተገጥሞ መሥራት ከጀመረ በኋላ የቀረውን በኬሚካል ማሟሟት ይቻላል። በሊትር 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በቂ ነው። መላው የውሃ ክፍል ወደ 20 ሊትር ስለሚይዝ 1 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። አሙቁት፣ አንድ ሰዓት ያህል ይዙር፣ አፍስሱት፤ ቀጥሎ በማጠቢያ ሶዳ በተበጠበጠ ውሃ አሲዱን አክሽፉት፣ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ድገሙ። አሲዱን ውስጡ ማሳደር ስሱን ብረት ይበላል።

ብልሃት ይኸውላችሁ፦ ሁለቱ የላይኛው የጎማ ቱቦዎች ወደ ራዲያተሩ በሚገቡበት በየአፉ ላይ የናይሎን ካልሲ ቁራጭ እንደ ከረጢት አጥልቃችሁ ቱቦውን በላዩ እሰሩ። ከሞኖብሎኩ የሚነሳው ዝገት ራዲያተሩ ሳይደርስ እዚያ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትር ሁለት ሦስት ጊዜ አውጥታችሁ አራግፉት። ካልሲው ባዶውን ሲወጣ ሞኖብሎኩ ጸድቷል።

ቴርሞስታቱም ሁለት ነው፣ በየቴስታታው አንድ። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ 71 ዲግሪ ወይም 82 ዲግሪ። አንዱ ቀድሞ ከተከፈተ አንዱ ጎን እየበረደ ሌላው ይግላል። በየአንዳንዱ ሳህን ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢበሳ ውሃ ሲሞላ የታሰረ አየር ይወጣል። «ሙቀት በዛ» ብሎ ቴርሞስታቱን ጭራሽ ማውጣት የተለመደ ነው፤ ጥቀርሻና ጭቃ ከማብዛት በቀር ያንን ችግር አይፈታም። የራዲያተሩ ክዳን ዝቅተኛ ግፊት የሚይዝ የዚያ ዘመን ዓይነት ይሁን፤ 13 ፒኤስአይ የሚይዝ የዛሬ ክዳን የአሮጌውን ራዲያተር ብየዳ ይከፍተዋል።

ስድስት ቮልት

መኪናው ባለ 6 ቮልት ነው፤ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረውም ፖዘቲቩ ነው። በልማድ ኔጋቲቩን ሻንሲ ላይ ማሰር ዲናሞውን ከመቆጣጠሪያው ጋር ያጋጫል። ቦቢናውም (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው ጥቅል) አቅጣጫው ስለሚገለበጥ ብልጭታው ይደክማል። ፖዘቲቭ በሚታሰርበት መኪና ላይ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄደው በፖዘቲቭ ምልክቱ በኩል ነው።

«6 ቮልት ደካማ ነው፣ ወደ 12 ይቀየር» ይባላል። ከመቀየራችሁ በፊት የባትሪውን ገመድ ተመልከቱ። ያንኑ ጉልበት ለመስጠት 6 ቮልት እጥፍ አምፔር ይፈልጋል፤ በዚያው ገመድ የሚጠፋው ቮልት እጥፍ ይሆናል። እሱም የሚቀነሰው ከግማሽ ላይ ነው። ለ12 ቮልት የተሠራ ቀጭን ገመድ ሞተሪኖውን እንደ ታመመ ሰው ያስተነፍሰዋል። ውፍረቱ ከ50 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ መዳብ ግጠሙ፣ የሚያርፍበትን ቦታ ቀለሙን ፍቃችሁ እስከ ብረቱ አጽዱ፣ ከሞተሩ ወደ ሻንሲም ሌላ ወፍራም ማሰሪያ ጨምሩ። ሞተሪኖው በሚያሽከረክርበት ጊዜ በባትሪው ምሰሶና በሞተሪኖው ቡሎን መሃል ቮልት ለኩ፤ ከ0.3 ቮልት በላይ ከጠፋ ጥፋቱ በመሃል ካለ ገመድ፣ ማያያዣ ወይም ሪሌ ነው። ይህ ተሠርቶም ካላሽከረከረ ሞተሪኖው ይፈታ።

ባትሪው ተለይቶ ስለኖረ ዲናሞው አቅጣጫውን ሊረሳ ይችላል። ለማስታወስ ከመቆጣጠሪያው ላይ ፊልድ የሚባለውን ሽቦ ፍቱና የሽቦውን ጫፍ ከባትሪ ማያያዣው ላይ ለቅጽበት ብቻ ነካ አድርጉት፤ ትንሽ ብልጭ ይላል። ሽቦው ሳይፈታ ሁለቱን ማያያዣ በብረት ማገናኘት በሌሎች ፋብሪካዎች መኪና ላይ የተለመደ ቢሆንም እዚህ መቆጣጠሪያውን ያቃጥለዋል።

ማቀጣጠያና ነዳጅ

ፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳው) በመቆም ብቻ ይዝጋል፤ በስስ ሞረድ አጽዱ፣ ቢቻል ከነኮንደንሰሩ ቀይሩ፣ ክፍተቱን 0.015 ኢንች (0.38 ሚሊ ሜትር) አድርጉ። ካንዴላው 0.030 ኢንች (0.76 ሚሊ ሜትር)። የማቀጣጠል ተራው 1-5-4-8-6-3-7-2 ሲሆን ምልክቱ ፑሌጃው ላይ ነው፤ ከላይኛው ነጥብ 2 ዲግሪ ቀደም ብሎ።

የዚህ ዲስትሪቢዩተር አሠራር ብዙ ሰው ያሳስታል። ፍጥነት ሲጨምር ብልጭታውን የሚያስቀድም ክብደት ውስጡ የለም፤ ሥራው ሁሉ ከካርቡራተሩ በሚመጣ የአየር መሳብ ነው። የካርቡራተሩ ቀዳዳዎች ለዚሁ ተለክተው የተሠሩ ናቸው። ሌላ ካርቡራተር ከተገጠመ፣ ቀጭኑ ቧንቧ ከላላ ወይም ዲያፍራሙ ከተቀደደ ሞተሩ ዳገት ላይ ይሰንፋል፣ ይግላልም፤ ባለቤቱም ጥፋቱን ራዲያተሩ ላይ ይለጥፋል። ቧንቧውን ከካርቡራተሩ በኩል ፍታችሁ በአፍ ሳቡት፤ ፑንቲናው ያለበት ሳህን መንቀሳቀስ፣ እስትንፋሳችሁን ስትይዙም እዚያው መቆየት አለበት።

ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) አውርዱ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከእንግዲህ ቤንዚን አይደለም፤ ሽታውም የቫርኒሽ ነው። ታጥቦና ደርቆ እስኪመለስ ድረስ ሞተሩን ከንጹሕ ጣሳ መመገብ ይሻላል። በመስመሩ ላይ ያለ ጎማ ሁሉ፣ የፓምፑም ዲያፍራም፣ ኤታኖል የሚቋቋም ይሁን።

ፓምፑ የቆመው ከሞተሩ አናት ላይ፣ በማኒፎልዱ በስተኋላ በኩል ነው፤ ከካሙ የሚነሳ ረጅም ዘንግ ይገፋዋል። ቦታው ከሞተሩ ሁሉ ከሚሞቁት አንዱ ነው። ከኋላ ካለው ሰልባትዮ ድረስ ስለሚስብም በመስመሩ ውስጥ ግፊቱ ወርዶ ቤንዚኑ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ሞቆ የቆመ መኪና አልነሳም ካለ መንስኤው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በመጀመሪያ በመሳቢያው መስመር ላይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ፈልጉ፤ ቤንዚን ስለማያንጠባጥብ አይታይም። የዘንጉ ጫፍ ተበልቶ ካጠረም ፓምፑ በቂ አይገፋም። ረዳት የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከተጨመረ ሰልባትዮው አጠገብ ይቀመጥ፣ ለ6 ቮልት ፖዘቲቭ ማሰሪያ የተሠራ ይሁን፣ ግፊቱ ከ3.5 ፒኤስአይ አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ የካርቡራተሩን መርፌ ይገፋና ሞተሩን ያጥለቀልቃል። ግጭት ሲደርስ የሚያጠፋው ማብሪያም አብሮት ይገጠም።

ማስነሳት

ማጣሪያው ተቀይሮ 5 ኳርት ዘይት ይገባል፣ ወደ 4.7 ሊትር። 10ደብልዩ-30 ጥሩ ነው። የዚህ ሞተር የቫልቭ ሞላ ለስላሳ ስለሆነ ልዩ የዚንክ ዘይት ፍለጋ ገንዘብ ማባከን ነው።

ካንዴላዎቹ እንደወጡ ሞተሪኖውን ለ15 ሰከንድ አሽከርክሩ፣ አንድ ደቂቃ አሳርፉ፣ የዘይት ጌጁ እስኪነሳ ደጋግሙ። ጌጁ ካልተነሳ ማስነሳት የለም። ከዚያ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት በሙሉ በተከፈተ ጋዝ ለኩ፤ ከ100 እስከ 110 ፒኤስአይ ደህና ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ጓርኒሲዮኑ በመሃላቸው ተበልቷል። አንዱ ዜሮ ካሳየ ቫልቭ ተጣብቋል። ሁሉም እኩል ዝቅ ቢሉ አትደንግጡ፤ የደረቀ ፋሻ ሞተሩ ለጥቂት ሰዓታት ከሠራ በኋላ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል።

ሲነሳ ጋዝ አታባሩበት፤ በ1000 ዙር አካባቢ ይሙቅ። አንድ ሰው ዓይኑን ከዘይት ጌጁ ላይ አያንሳ፣ ሌላው ራዲያተሩን ይመልከት። ገና ሳይሞቅ ውሃው ላይ ተከታታይ አረፋ ከወጣ ጭስ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ስንጥቅ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። የገባው ዘይት እስኪቃጠል ሩብ ሰዓት ያህል ሰማያዊ ጭስ ይጠበቃል። ሞቆ ሲረጋጋ ዝቅተኛ ዙሩን ወደ 500 አድርጉ። የመሳብ መለኪያ ካላችሁ ከ17 እስከ 20 ኢንች ላይ ሳይንቀጠቀጥ መቆም አለበት። መርፌው በተወሰነ ምት ዘልሎ የሚወርድ ከሆነ አንድ ቫልቭ በሚገባ አይዘጋም።

መንገድ ከመውጣት በፊት

ፍሬኑ ባለ አንድ መስመር ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን የላቸውም፤ የሚቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ «ይሄኛው ደህና ይመስላል» አይሠራም። በወለሉ ሥር ያለው ማስተር፣ በየታምቡሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ፓምፖች፣ ከፊት ሁለት ከኋላ አንድ የሆኑት የጎማ ቱቦዎች ሁሉም ይታደሱ ወይም ይቀየሩ፤ የዛገ የብረት ቧንቧም እንዲሁ። ታምቡሩ አልወጣ ካለ ሸራው ጠርዙን ይዞት ስለሆነ በኋላ በኩል ባለው ቀዳዳ የኮከብ ማስተካከያውን አላሉት። የሸራው አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአየር አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

የፊት ጎማዎቹ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞሩት በኪንግፒን (በቆመ ወፍራም ፒን) ነው፤ ግራሶ ካልተቀባ በፍጥነት ይበላል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ረዳት ፍሬኑን ረግጦ ሲይዝም ጨዋታው ካልጠፋ ከሞዞው ኩሽኔታ ሳይሆን ከኪንግፒኑ ነው። ያሉትን የግራሶ ቀዳዳዎች በሙሉ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ሙሉ። በካምቢዮው ውስጥ ጂኤል-4 ደረጃ ያለው 80ደብልዩ-90 ዘይት ይግባ፤ ጂኤል-5 የነሐስ ቀለበቶቹን ሊበላ ይችላል። ለዲፈረንሻሉ ግን ጂኤል-5 ይስማማዋል።

አንደኛ ማርሽ ማመሳሰያ ስለሌለው የሚገባው ቆሞ ነው። ኦቨርድራይቭ (በፍጥነት ሲሄድ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) ያለው ከሆነ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው እጀታ ወደ ውስጥ ሲገፋ በዝቅተኛ ፍጥነት ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ አያግዝም፣ ገፍቶ ማስነሳትም አይቻልም። ለመጀመሪያው ጉዞ እጀታው ተስቦ ይቀመጥ። ከ45 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እግር ከጋዝ ሲነሳ የሚገባው እጀታው ሲገፋ ብቻ ነው፤ ካልገባ መጀመሪያ ፊውዙንና ሪሌውን፣ ቀጥሎ የሶሌኖይዱን ሽቦ ፈትሹ። ካምቢዮውን ለመክፈት አትቸኩሉ።

የመጀመሪያው ጉዞ 10 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው 30 ይሁን። ከእያንዳንዱ መልስ ታምቡሮቹን በእጅ ዳሱ፤ አንዱ ብቻ ከጋለ ፍሬኑ ይዞት ነው የሚሄደው። 150 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱን ሞቅ እንዳለ አፍስሱት፣ ካልሲውን አራግፉት፣ ሞተሩ ሲበርድ የቴስታታ ቡሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ ድጋሚ እዩዋቸው። ሁለተኛው ዘይት በ800 ኪሎ ሜትር ይቀየራል።